የሕፃን ባለ መስመር ኮፍያ፦ ለጠየቃችሁኝ ሁሉ

ሹራብ ስሠራ የሚያዩኝ ሰዎች ስለ ሕፃናት ኮፍያ የሚጠይቁኝ ስለ በዛ ዛሬ ተራ በተራ ልመልስ ተቀምጫለሁ። አስቀድመን በቃላት እንግባባ። በመርፌው ላይ የምትቀመጠውን እያንዳንዷን የክር ዙር «ቀለበት» እላታለሁ። ከፊት ለስላሳ ሆኖ የሚታየው ስፌት «ቀና» ነው፤ ጉብ ጉብ የሚለው ደግሞ «ግልብጥ»።

የልጅ ልጄ በ80 ቀኗ ክርስትና ትነሣለች። የደብረ ብርሃንን ብርድ ያውቁታል። የስንት ወር ኮፍያ ልሥራ?

እናቴ፣ ወሩን ይተዉትና ራሷን ይለኩ። የሦስት ወር ሴት ልጅ የራስ ዙሪያ በአማካይ 39 ሳንቲ ሜትር ተኩል ገደማ ነው፤ ሲወለዱ ግን 34 አካባቢ ናቸው። በእነዚህ ጥቂት ሳምንታት ውስጥ ከ5 ሳንቲ ሜትር በላይ ያድጋሉና በግምት መሥራት አያዋጣም። ሜትሩን ከቅንድብ በላይ አድርገው በኋላ በኩል በጎላው ቦታ ያዙሩት። ሜትር ከሌለ ክር ያዙሩና ክሩን በማስመሪያ ይለኩ። ከዚያ 3 ሳንቲ ሜትር ይቀንሱ። ሹራብ ይለጠጣል፤ በልኩ የተሠራ ኮፍያ ዐይኗ ላይ ይወርዳል።

እኔ ቁጥሩን ብቻ ነው የምፈልገው። ስንት ቀለበት ልጀምር?

ቁጥር እሰጥሻለሁ፤ ግን መጀመሪያ ትንሽ ናሙና ሥሪና 10 ሳንቲ ሜትር ውስጥ ስንት ቀለበት እንደሚገባ ቁጠሪ። እኔ ይህን ንቄ ለእህቴ ልጅ የሠራሁትን የመጀመሪያ ኮፍያ አባቴ ነው የለበሰው። ክሩ ወፍራም ነበር፤ በ10 ሳንቲ ሜትር 15 ቀለበት ብቻ ይይዛል። እኔ ከሌላ ሰው በተቀበልሁት ቁጥር 82 ቀለበት ጀመርሁ፤ 55 ሳንቲ ሜትር ገደማ ሆኖ አረፈው።

እንግዲህ በ4 ሚሊ ሜትር መርፌ ናሙናሽ 22 ቀለበትና 30 ረድፍ ከሆነ ለሦስት ወር ልጅ 82 ጀምሪ። ሁለቱ ዳር ላይ ለሚሰፋው ናቸው። ጠርዙን 2 ቀና 2 ግልብጥ እያልሽ 4 ሳንቲ ሜትር ሥሪ። ከዚያ በፊት በኩል ቀና፣ በጀርባ በኩል ግልብጥ እያደረግሽ 18 ረድፍ ሂጂ። አሁን መቀነስ ነው፦ የዳሩን አንድ ቀለበት ትተሽ 8 ቀና ሥሪና ቀጣዮቹን 2 ባንድ ላይ፣ እንደ አንድ ቀለበት፣ ቀና ሥሪያቸው፤ ይህን 8 ጊዜ ድገሚ። የሚመለሰውን ረድፍ ሳትቀንሺ ሥሪው። በቀጣዩ የፊት ረድፍ 7 ቀና፣ ከዚያ 6 ቀና እያልሽ ከዳሮቹ ሌላ 8 ቀለበት እስኪቀር ውረጂ። ክሩን ረዘም አድርገሽ ቁረጪና በቀሩት ቀለበቶች ውስጥ አሳልፈሽ ሳቢ። ከጠርዙ በላይ ያለው በሙሉ 36 ረድፍ ነው፤ መስመሩን ባለ 4 ረድፍ ብታደርጊው ልክ 9 መስመር ይወጣል። ለተወለደ ቀኑ ከሆነ 74 ጀምሪ፤ መቀነሱም ከ7 ቀና ይጀምራል።

ቀለም በቀየርሁ ቁጥር ክር እቆርጣለሁ። ውስጡ የጫፍ ጫካ ሆነብኝ።

አትቁረጪ! የረድፉ ቁጥር ሙሉ እስከሆነ ድረስ፣ ማለትም 2 ወይም 4፣ ክሩ ሁልጊዜ በጀመርሽበት ዳር ይጠብቅሻል። ባለ 4 ረድፍ ከሆነ 2 ረድፍ ሄደሽ ስትመለሺ የተቀመጠውን ክር በምትሠሪበት ክር አንድ ጊዜ ጠምዝዢው፤ አብሮ ይወጣል። ብቻ አትጎትቺው፤ ዳሩ ይሰበሰባል። በሁለት ቀለም ባለ 3 ረድፍ መስመር ካማረሽ ግን መቁረጥሽ አይቀርም፤ ክሩ ከወዲያኛው ዳር ይቀራል።

ጠርዙንም ባለ ቀለም አደረግሁት። መስመሩ ግን ንጹሕ አይደለም፤ ነጠብጣብ ይታያል።

አዲሱ ቀለም በግልብጥ ሲጀምር አሮጌው ቀለም ጉብ ብሎ ወደ ፊት ይወጣል። ቀለም የሚቀየርበትን የፊት ረድፍ ሙሉውን ቀና ሥሩት፤ ከሚቀጥለው ጀምሮ ወደ 2 በ2 ይመለሱ። ከሩቅ ማንም አያውቀውም።

ከስቶክሆልም ነኝ። ክብ መርፌ ገዛሁ፤ ነገር ግን መስመሩ መገጣጠሚያው ላይ ደረጃ ይሠራል።

በክብ ሲሠራ ረድፉ አይዘጋም፤ እንደ ጠመዝማዛ ደረጃ እየወጣ ይሄዳል። አዲሱን ቀለም አንድ ዙር እንደ ወትሮው ሥራ። ሁለተኛው ዙር ሲጀምር ከመጀመሪያዋ ቀለበት ሥር ያለችውን፣ የአሮጌውን ቀለም ቀለበት፣ ወደ ግራ መርፌ አንሣና ሁለቱን ባንድ ላይ ሥራቸው። ደረጃው ይጠፋል ባልልም ዐይን አይስብም።

አረንጓዴ፣ ቢጫ፣ ቀይ ላድርግ ብዬ ነበር። ጥጥ ይሻላል ወይስ ሱፍ?

ጥጥ ለሞቃት ቦታ ጥሩ ነው፤ ግን እንደ ሱፍ አይለጠጥም፣ ቀዩም ሊለቅ ይችላል። ቁራጭ ክር በውኃ አርጥቢና በነጭ ጨርቅ መሐል ጠቅልለሽ አሳድሪው፤ ጨርቁን ካቀለመው ለኮፍያው አትጠቀሚበት። ለብርድ ለስላሳ ሱፍ ወይም አክሪሊክ ውሰጂ፤ ጉንጭሽ ላይ አሽተሽ ካልቆረቆረሽ ይሆናል። ፀጉሩ የሚነቀል ክር ግን የሕፃን አፍና አፍንጫ ውስጥ ይገባልና ይቅር። ከ50 ግራም ጥቅል ይተርፍሻል።

የእናቴ ፈትል አለኝ። በእርሱ ብሠራስ?

ማጉ ብቻውን ይበጠሳል። ሦስት ወይም አራቱን ባንድ ላይ አክርሪና ሞክሪ። እኔ ብሆን ግን ለኮፍያው ሌላ ክር እፈልግና ፈትሉን ለነጠላ አስቀምጠዋለሁ።

አያቱ እርግብግቢቱን ቅቤ ይቀቡታል። ኮፍያው ተበላሸ።

ከአያት ጋር አልጣላም። ውኃ ሳይነካው የዕቃ ማጠቢያ ፈሳሽ ሳሙና ቅቤው ላይ አድርጊና ቆይተሽ በለብታ ውኃ እጠቢ። ሱፍ ከሆነ ሙቅ ውኃና ማሸት ያኮማትረዋል፤ አክሪሊክን ደግሞ ካውያ አታስነኪው፣ ይሞታል፤ ማለትም መለጠጡን ያጣል። በፎጣ ጠቅልለሽ ውኃውን ጫን ጫን አድርገሽ አውጪና አንጥፈሽ አድርቂው።

ኮፍያውን አድርጎ ይተኛ? ላዩስ ላይ የክር ኳስ ይደረግ?

ቤት ውስጥ ሲተኛ አውልቁለት። ሕፃን ትርፍ ሙቀት የሚያስወጣው በጭንቅላቱ በኩል ጭምር ነው፤ ኮፍያው ተንሸራቶም ፊቱን ሊሸፍን ይችላል። ያለ ጊዜው ተወልዶ በእናቱ ደረት ላይ ቆዳ ለቆዳ የሚያዝ ሕፃን ግን ሌላ ነው፤ እርሱ ኮፍያ ያስፈልገዋል፣ የሐኪሙን ምክር ስሙ። ኳስ፣ ቁልፍ፣ አገጭ ሥር የሚታሰር ገመድ፦ ሁሉም ይቅር። ከኋላ ያለውንም ስፌት ጠፍጣፋ አድርጉት፤ ልጁ የሚተኛው እርሱ ላይ ነው።

አባት ልሆን ነው። ጓደኞቼ መርፌ ይዤ ካዩኝ ይስቁብኛል።

በሀገራችን ፈታይዋ ሴት፣ ሸማኔው ወንድ መሆኑን ጓደኞችህ ዘንግተውት ነው፤ የለበሱትን ጋቢ ማን እንደ ሠራው ጠይቃቸው። አንተ ግን ሁለት ቀለም ብቻ ምረጥ፣ አንዱ ፈዘዝ ያለ ይሁን፤ ጥቁር ክር ላይ የጠፋች ቀለበት ማታ በአምፖል ስትፈለግ ታስለቅሳለች።