ስልካችሁ ሜዳ ከመውጣቱ በፊት

ልጆቼ፣

ዕድሜዬን በካርታና በሬዲዮ ሥራ ነው ያሳለፍኩት፤ ግማሹ ከወታደር ጋር በሜዳ ያለፈ ነው። ጅማ ከተቀመጥኩ ወዲህ ከኪቶ ፉርዲሳ ካምፓስ የሚመጡ ተማሪዎች ለገበያ የተሠራን የስልክ መተግበሪያ ለመከላከያ ሥራ ማዋል እንፈልጋለን እያሉ ያማክሩኛል። ደስ ይለኛል። «ምን እንጨምርበት?» ሲሉኝ ግን፣ ከሁሉ በፊት ምን እንደምትቀንሱለት አስቡ እላቸዋለሁ።

ባለፈው ሐምሌ አንዱ የሠራውን ይዞ መጣ። ዕቃ ለሚያደርሱ ሞተረኞች የታሰበ ካርታ ነበር፤ እሱ ለቅኝት ቡድን እንዲሆን አስተካክሎታል። ወደ ጅሬን አቀበቱን ተያያዝነው። የአባ ጅፋር ቤተ መንግሥት ሳንደርስ ዝናቡ ወረደብን፤ የጅማን ክረምት ታውቁታላችሁ። ስልኩ ጠብታውን ሁሉ እንደ ጣት ስለቆጠረው ካርታው ወዲያና ወዲህ መሸሽ ጀመረ። ልጁ በሸሚዙ ይጠርገዋል፤ ሸሚዙም ርሷል። «እስቲ ዳታውን አጥፋው» አልኩት። ካርታው ጠፍቶ ባዶ ግራጫ ሰሌዳ ብቻ ቀረ።

አንድ ቤት ጣሪያ ሥር ተጠለልንና 1:50,000 የሆነውን አሮጌ የወረቀት ካርታዬን ዘረጋሁ። ስልኩ የሰጠውን የምሥራቅና የሰሜን ቁጥር እንዲያሰፍርበት ነገርኩት። ነጥቡ ከቆምንበት ቤት ርቆ አረፈ። ልጁ ሁለት ጊዜ ደግሞ ለካው፤ ያው ነው። ስሌቱ አልተሳሳተም። ካርታ ሁሉ ቁጥሩን የሚቆጥርበት የልኬት መነሻ አለው፤ አሮጌዎቹ የአገራችን ካርታዎች የተሠሩት አዲንዳን በሚባለው መነሻ ነው፤ ስልክ ደግሞ የሚያሰላው ጂፒኤስ በሚጠቀምበት ደብሊው ጂ ኤስ 84 ነው። በሁለቱ መካከል በእኛ አገር ከ200 ሜትር በላይ ልዩነት አለ። በዚያ ካርታ ላይ ከ4 ሚሊ ሜትር ጥቂት ቢበልጥ ነው፤ ለዓይን ምንም አይደለም። ነገር ግን አንዱ ከስልክ፣ ሌላው ከወረቀት እያነበቡ በሬዲዮ ቢነጋገሩ፣ ቁስለኛ ሊያነሣ የሄደው ቡድን ሌላ ሸለቆ ውስጥ ይገባል። ስለዚህ የትኛው መነሻ እንደተመረጠ ሁልጊዜ ከቁጥሩ አጠገብ ይጻፍ። ይህን ለምኜ ነው የምነግራችሁ።

ከዚህ የሚከፋም አለ። ስትራቫ የሚባለው የሯጮች መተግበሪያ እ.ኤ.አ. በ2017 መጨረሻ ላይ የተጠቃሚዎቹን የሩጫ መስመር በአንድ የዓለም ካርታ ላይ አብርቶ አወጣው። የማንም ስም አልነበረበትም። እ.ኤ.አ. በጥር 2018 ግን ሰዎች ሶርያንና አፍጋኒስታንን ሲመለከቱ፣ በጨለማው ምድረ በዳ መካከል የሚያበሩ ቅርጾች አዩ፤ ወታደሮች በየሰፈራቸው ሲሮጡ የተዉት ዱካ ነበር። በዚያው ዓመት ነሐሴ ላይ የአሜሪካ መከላከያ ወታደሮቹ በግዳጅ ቀጠና ቦታ ጠቋሚ አገልግሎቶችን እንዳይጠቀሙ ከለከለ። ልብ በሉ፤ መተግበሪያው አልተበላሸም፤ የተሠራበትን ሥራ ነው የሠራው። ያለሁበትን ንገርልኝ ማለት በገበያ አገልግሎት ነው፤ በሜዳ ግን ሰው ያስገድላል።

ነገሩ አይቻልም እያልኩ አይደለም። የአሜሪካ አየር ኃይል የምርምር ላቦራቶሪ እ.ኤ.አ. በ2010 የጀመረው አታክ የሚባለው ካርታ የሚሠራው በተራ አንድሮይድ ስልክ ላይ ነው። የስልክ ኔትወርክ በሌለበት ስልኩን በኬብል ከወታደራዊ ሬዲዮ ጋር ያገናኙታል። ኋላም ለሲቪሎች የሚሆነው ቅጂ ወጥቶ የእሳት አደጋ ሠራተኞች ጭምር ይጠቀሙበታል።

ያ ልጅ በመስከረም ተመልሶ መጣ። ካርታው በስልኩ ውስጥ ተቀምጧል፤ ቁልፎቹ በጓንት እስኪነኩ ሰፍተዋል፤ ቦታን የሚልከው ክፍል ባለቤቱ ካላዘዘው አይሠራም። በማያ ገጹ ጥግ «አዲንዳን» የሚል ቃል አየሁ፤ ደስታዬን መደበቅ አልቻልኩም። የባትሪው ነገር ገና አልተፈታም። እሑድ ጠዋት ልንሞክረው እንደገና ወደ ጅሬን እንወጣለን፤ የምትመጡ ካላችሁ ወፍራም ጓንት ይዛችሁ ኑ።