ለጉባኤ እንግዶች ግማሽ ቀን፦ ከስድስት ኪሎ ጀምራችሁ ቁልቁል ውረዱ

እህቴ፣ ሦስት የውጭ ተመራማሪዎች ይዘሽ አዲስ አበባ ኢሲኤ (የተባበሩት መንግሥታት የአፍሪካ ኢኮኖሚ ኮሚሽን) ለሚካሄደው ጉባኤ ከጅማ እንደምትመጪ፣ ረቡዕ ከሰዓት ብቻ ነፃ እንደሆናችሁና እንጦጦ ልትወስጃቸው እንዳሰብሽ ጽፈሻል። እንጦጦን ተዪው። ከባሕር ጠረፍ ከተማ የመጣ ሰው ቦሌ ሲያርፍ ገና 2,300 ሜትር ላይ ወጥቷል፤ እንጦጦ ደግሞ 3,000ን ያልፋል። የዚያ ጣጣ በማግስቱ መድረክ ላይ ነው የሚታየው፤ ራስ ምታት፣ እንቅልፍ ማጣት፣ ንግግር መሐል ትንፋሽ ማጠር። ውሃ በደንብ ይጠጡ፣ የመጀመሪያውን ማታ መጠጥ ይለፋቸው።

1. መነሻችሁ ስድስት ኪሎ ይሁን። ብዙ አስተናጋጅ ከአራት ኪሎ ተነስቶ ሽቅብ ይወጣል፤ እንግዶቹ አምስት ኪሎ ሳይደርሱ ያለከልካሉ፣ ላይ ሲደርሱ ደግሞ ሙዚየሙ ሊዘጋ ነው። ምሳ በልታችሁ ወዲያው ራይድ ጥሩና (መተግበሪያው ባይኖርሽ በ8294 ይደወላል) የዩኒቨርሲቲው ዋና በር ላይ ውረዱ። ከዚያ እስከ አራት ኪሎ ሁለት ኪሎ ሜትር አይሞላም፣ ያውም ቁልቁለት ነው።

በሩ ላይ ፍተሻ አለ። ፓስፖርት ይያዙ፣ ላፕቶፕ ግን ሆቴል ይቅር፤ የያዘ ካለ ሲገባ ያስመዝግብ፣ አለዚያ ሲወጣ የራሱ መሆኑን ሲያስረዳ ሰዓቱ ያልቃል። የኢትዮጵያ ጥናት ተቋም ሙዚየም የሚገኘው በቀድሞው የገነተ ልዑል ቤተ መንግሥት ውስጥ ነው። የዐፄ ኃይለ ሥላሴ መኝታ ክፍል እስከ መታጠቢያ ቤቱ እንዳለ ይታያል። የብሔረሰቦቹ ዕቃ ደግሞ በክልል ሳይሆን ከልደት እስከ ሞት ባለው የሰው ልጅ ዕድሜ ነው የተደረደረው፤ ይህን ቀድመሽ ካልነገርሻቸው ዝም ብለው ያልፉታል። ውጭ ያለውን ጠመዝማዛ ደረጃም አሳዪያቸው፦ ፋሽስቶች ለሙሶሊኒ የሥልጣን ዓመታት አንድ አንድ እርከን እየቆጠሩ 14 አድርሰውት ነበር፤ ዛሬ ጫፉ ላይ የይሁዳ አንበሳ ቆሞበታል። ከበሩ ፊት ለፊት አደባባዩ ላይ ያለው ሐውልት የየካቲት 12 ቀን 1929 ዓ.ም. ሰማዕታት ነው። እዚያ ቆም በሉ፤ ታሪኩን የምትነግሪያቸው አንቺ ነሽ።

2. ብሔራዊ ሙዚየም። ወደ አምስት ኪሎ ስትወርዱ ታገኙታላችሁ። ለውጭ ዜጋ የመግቢያ ዋጋው የተለየ ስለሆነ ቀድመሽ ንገሪያቸው፣ ዝርዝር ብርም ያዙ። በቀጥታ ምድር ቤት ግቡ። ድንቅነሽ ሁለት ሆና ነው የምትታየው፤ አንዷ የተገኙት አጥንቶች እንደተዘረጉ፣ ሌላዋ ሙሉ አካሏ ተገጣጥሞ የቆመች። ቁመቷ ከአንድ ሜትር ብዙም አያልፍም፤ ሳይንቲስት ሁሉ እዚህ ጋ ጎንበስ ይላል። የሚታየው ቅጂ ነው፣ ዋናው አጥንት በጥንቃቄ ተቀምጧል፤ ይህንን አትደብቂያቸው። በ1967 ዓ.ም. ኅዳር ላይ ሐዳር የተገኘች የ3.2 ሚሊዮን ዓመት እናት ናት፤ ቅጂም ሆነ ዋና፣ አገሯ ላይ ማየት ሌላ ነው። የሕፃኗን ቅሪተ አካል ሰላምን ከዲኪካ (አፋር) ያገኘው ዘረሰናይ ዓለምሰገድ የኛው ልጅ መሆኑንም ጨምሪበት።

ባዮሎጂስት ካለ አራት ኪሎ ሳይንስ ግቢ ውስጥ የተፈጥሮ ታሪክ ሙዚየም አለ፤ ክፍት መሆኑን በማለዳ አረጋግጪ። ከዚያ ቁጭ ብላችሁ የጀበና ቡና። ረቡዕ ስለሆነ እራት በያይነቱ ነው፣ ሥጋ ለማይበላውም ይመቻል።

አሁን ዋናውን ልንገርሽ፤ ቀን የሚበላው ፎቶ ነው። ከአራት ኪሎ ሲወረድ ታላቁ ቤተ መንግሥት አለ፣ ኢሲኤ ፊት ለፊት ደግሞ የኢዮቤልዩው። እንግዳ የአፍሪካ አዳራሽን ከውጭ አነሳለሁ ብሎ ዞር ሲል ካሜራው አጥሩንና ጠባቂውን ይይዛል። ከዚያ ስልክ አምጣ፣ አጥፋ፣ ማነህ፣ ከየት ነህ ነው፤ ቃሉም ለስላሳ አይደለም። ጥበቃው ሥራው ነው፤ የሚያናድደው ከአዘጋጆች አንድም ሰው ለእንግዳው ቀድሞ አለመንገሩ ነው። አራት ኪሎ ላይ ስልክ ኪስ ይግባ። ፎቶ ከፈለጉ በኢሲኤ ግቢ ውስጥ ያንሱ፤ በአዘጋጆቹ በኩል አስጠይቂና የአፍሪካ አዳራሽን አስገቢያቸው። የአፈወርቅ ተክሌ የመስታወት ሥዕል 150 ካሬ ሜትር ነው፤ የአፍሪካ አንድነት ድርጅት በ1955 ዓ.ም. የተመሠረተውም እዚያው ነው።

መኪና ስትቀጥሩ እንግዶቹ ራሳቸው ሰዓት አይንገሩ። መርሐ ግብሩ 9:00 ሲል ከጠዋቱ 3 ሰዓት ነው፤ ሹፌሩ 9 ከተባለ ከሰዓት በኋላ ይመጣል። ለመመለሻም የቦሌ መንገድ ለመንግሥት እንግዳ ድንገት ሊዘጋ ስለሚችል ከበረራው አራት ሰዓት በፊት ተነሱ።

ስጦታ ፖስታ ቤት አካባቢ ካሉት ሱቆች ሲገዙ አሮጌ መስቀልና ብራና እንዳይነኩ። ሻጩ “ችግር የለውም” ይላል፤ ኤርፖርት ላይ ግን ከቅርስ ባለሥልጣን ወረቀት ከሌለ ይወሰዳል፣ ገንዘቡም አይመለስም። አዲስ የተሠራ ይግዙ፣ ደረሰኙንም ከዕቃው ጋር ያኑሩት።