የቮልስ ጎማ ክዳን ሲንኳኳ

ወንድሜ፣ የድሮ ቮልስህ የጎማ ክዳን ኮብልስቶን ላይ እየተንኳኳ አስቸገረኝ ብለሃል። መጀመሪያ ክዳኑን አውልቀህ የጎማውን ብሎኖች አጥብቅ። ድምፁ የላላ ብሎን ከሆነ ጎማው ራሱ ሊወልቅ ይችላል፤ ይሄን እንዳትንቅ። ክዳኑ ውስጥ ጠጠር ካለም አራግፈው። የኔን ያንኳኳው ጠጠር ነበር።

ብሎኑ ደህና ከሆነ ጣጣው ቸርኬው ላይ ካሉት፣ ክዳኑን ከሚይዙት ትንንሽ የብረት ምላሶች ነው። ከአገልግሎት ብዛት ይተኛሉ። በፒንሳ ይዘህ ሁሉንም እኩል፣ ትንሽ ብቻ ወደ ውጭ ሳባቸው። ደጋግመህ ካጠፍካቸው ይሰበራሉ። ከዛ ከአሮጌ ከመነዳሪ ቀጭን ቁራጭ ቆርጠህ ጫፋቸውን አልብሳቸው፤ ብረት ከብረት አይነካካም። ስትመልሰው ጠርዝ ጠርዙን በመዳፍህ ምታው። መሀሉን በመዶሻ እንዳትነካ፣ ያ የሚያምር ክሮም ይጎደጉዳል።