ካርቱን መሳል ለጀመራችሁ ልጆች፦ ስለዚያ ስለማይቀየረው ልብስ

ሰላም ለእናንተ ይሁን፣ ልጆቼ።

ሥራችሁን ልታሳዩኝ ስትመጡ ደጋግማችሁ የምታነሱት ጥያቄ አለ። «ጋሼ፣ ገጸ ባሕሪው ለምን ሁልጊዜ አንድ ልብስ ይለብሳል? ይደብራል እኮ! አሁን ኮምፒውተር አለ፣ በየክፍሉ እንቀያይርለት።» ትንንሾቹ ደግሞ ቴሌቪዥን ፊት ቁጭ ብለው ያንኑ በራሳቸው ቋንቋ ይጠይቃሉ፦ «ይሄ ልጅ ልብሱን አያጥብም እንዴ?» ዕድሜዬን የፈጀሁት በዚሁ ሙያ ስለሆነ፣ ቁጭ ብዬ ልጻፍላችሁ ብያለሁ።

መጀመሪያ ሒሳቡን እንሥራ። ፊልም በሰከንድ 24 ፍሬም፣ ማለትም 24 ነጠላ ምስል ነው። በእጅ የሚሳል አኒሜሽን ብዙ ጊዜ አንዱን ስዕል ለሁለት ፍሬም ስለሚያቆየው፣ በሰከንድ 12 ስዕል ይበቃዋል። ለአንድ ደቂቃ 720፣ ለአሥር ደቂቃ 7,200 ስዕል መጣ። እንግዲህ ጀግናችሁ ሸሚዙ ላይ አምስት ቁልፍ አለው እንበል። 36,000 ቁልፍ ልትስሉ ነው! ቁልፍ ደግሞ ዝም ብሎ አይቀመጥም። ሰውየው ሲጎነበስ አብሮ ይወርዳል፣ ዘወር ሲል ይደበቃል። ከስዕል ስዕል ትንሽ ቦታውን ከሳተ ስክሪኑ ላይ ይንቀጠቀጣል። ተመልካቹ ምን እንደሆነ ለይቶ አይነግራችሁም፤ ዓይኑ ግን ይረበሻል።

ድሮ ነገሩ ከዚህም የባሰ ነበር። ኤርል ኸርድ የሚባል አሜሪካዊ እ.ኤ.አ. በ1914 በሴሉሎይድ ላይ የመሳልን ዘዴ በስሙ አስመዘገበ። (ከዚህ በኋላ የምጠራቸው ዓመታት ሁሉ በፈረንጆቹ ናቸው።) ገጸ ባሕሪው ብርሃን በሚያሳልፍ ስስ ፕላስቲክ ላይ ይሳልና ከተዘጋጀው መልክዓ ምድር በላይ ይነጠፋል። መስመሩ በፊት ለፊት ይወጣል፣ ቀለሙ በጀርባ ይቀባል። በዋልት ዲዝኒ ስቱዲዮ ይህን ሥራ ይሠሩ የነበሩት በአብዛኛው ወጣት ሴቶች ናቸው። ስማቸው ብዙም አይነሳም፤ እኔ ግን ሙያውን የተሸከሙት እነሱ ናቸው ባይ ነኝ። እያንዳንዱ ቀለም የራሱ መለያ ነበረው። የሱሪው ቀይ ይሄኛው፣ የጫማው ቢጫ ያኛው ተብሎ ተጽፎ ይሰጣቸዋል። ጀግናው ልብስ ቀየረ ማለት ያ ሁሉ እንደ አዲስ ይደባለቃል፣ ይሞከራል፣ ይጻፋል። በነገራችን ላይ፣ በዚያ ዘመን ሴሉሎይዱ ውድ ስለነበር ስዕሉ ከተቀረጸ በኋላ ታጥቦ እንደገና ይሳልበት ነበር። ስለዚህ ለትንንሾቹ ጥያቄ መልሱ «ልብሱ ባይታጠብም ፕላስቲኩ ይታጠባል» ነው።

ሚኪ ማውስን እዩት። በ1928 ሲወጣ እጁ ባዶ ነበር። ፊልሙ ጥቁርና ነጭ፣ ሰውነቱም ጥቁር ስለነበር እጁን ደረቱ ላይ ሲያደርግ ምኑም አይታይም። በ1929 ነጭ ጓንት አጠለቁለት። አለቀ። ዛሬ ያ ጓንት ከፊቱ እኩል ይታወቃል። የካርቱን ልብስ የሚመረጠው እንዲህ ነው፤ ለማማር ሳይሆን ለመታየት ይጀምራል፣ ከዚያ መታወቂያ ይሆናል። ቶምና ጄሪ ግን ከዚህ ሁሉ ጣጣ ተገላግለዋል። ራቁታቸውን ናቸዋ!

ስለ ቶምና ጄሪ ካነሳን፣ ፈጣሪዎቻቸው ዊሊያም ሐና እና ጆሴፍ ባርቤራ በ1957 የሚሠሩበት የኤም ጂ ኤም ፊልም ኩባንያ የካርቱን ክፍል ተዘጋባቸው። ወደ ቴሌቪዥን ዞሩ። ቴሌቪዥን የሚከፍለው ገንዘብ ሲኒማው ይከፍላቸው ከነበረው ጋር ሲተያይ ምንም ማለት ነበር። ታዲያ ምን አደረጉ? በ1958 ዮጊ የሚባለውን ድብ ሲያወጡ አንገቱ ላይ ኮሌታና ክራቫት አሰሩለት። ጫካ የሚኖር ድብ ክራቫት ምን ይሠራለታል? ድቡ ሲያወራ ሰውነቱ አንድ ቦታ ቀጥ ብሎ ይቆማል፣ የሚሳለው ጭንቅላቱ ብቻ ነው። ኮሌታው ጭንቅላቱና ሰውነቱ የተገናኙበትን ስፌት ይሸፍናል። ከጓደኛው ከቡ ቡ አንገት ያለችው ቢራቢሮ ክራቫትም ሥራዋ ያው ነው። እኔ ይህን ሳውቅ ለዚያ ኮሌታ ያለኝ አክብሮት ጨመረ። ብልሃት ማለት ይሄ ነው፤ ድህነቱን ደብቆ ድቡን ዘናጭ አደረገው።

ጃፓን ውስጥ ደግሞ ካርቱኒስቱ ኦሳሙ ቴዙካ በ1963 የሮቦቱን ልጅ የአስትሮ ቦይን ፊልም በየሳምንቱ ለቴሌቪዥን ማድረስ ነበረበት። በየሳምንቱ ግማሽ ሰዓት! የተሳሉትን እያስቀመጡ መልሶ የመጠቀም ልማድ ያዙ። ልጁ ባለፈው ወር የበረረበት ስዕል ዛሬም ሌላ ሰማይ ላይ ይበርራል። ይህ የሚያዋጣው ግን ልብሱ ያው ከሆነ ብቻ ነው። ባለፈው ክፍል ሹራብ ያለበሳችሁትን ልጅ፣ ዛሬ በካናቴራ ከሆነ፣ የድሮውን ሩጫ ልትሰጡት አትችሉም። ቴሌቪዥን ጣቢያውም ክፍሎቹን ቅደም ተከተላቸውን ሳይጠብቅ ቢያሳይ ማንም አይነቃም። የመጫወቻና የቦርሳ ሽያጩ ሌላ ምክንያት ነው፤ እሱን እናንተም ታውቁታላችሁ።

አሁን ወደ እናንተ ልምጣ። ከእናንተ ብዙዎቹ ዋና ገጸ ባሕሪያችሁን የሀበሻ ልብስ ታለብሳላችሁ። ደስ ይለኛል። ግን ባለፈው አንዳችሁ ያመጣችሁት ቀሚስ ከአንገት እስከ እግር ጥለት ነበረው። መስቀሉ፣ አልማዝ አልማዙ፣ ወርቃማው ክር፣ አራት ዓይነት ቀለም። ፖስተር ላይ ሲታይ አፍ ያስከፍታል። ልጅቷ መራመድ ስትጀምርስ? ቀሚሱ በእያንዳንዱ እርምጃ ይታጠፋል። ጥለቱም ከእጥፋቱ ጋር መታጠፍ አለበት። ካልታጠፈ ልጅቷ ካርቶን የለበሰች ትመስላለች፤ ካጠፋችሁት ደግሞ አንድ ደቂቃ ሳትጨርሱ ሥራውን ጥላችሁ ትጠፋላችሁ።

እኔ ብሆን እንዲህ አደርጋለሁ። ጥለቱን አንድ ሰፊ ቀይ መስመርና ከጎኑ አንድ ቀጭን ወርቃማ መስመር አደርገዋለሁ። በቃ። የሚያየው ሰው ሀበሻ ነው፤ ጥለት መሆኑን ለማወቅ መስቀሉን መቁጠር አያስፈልገውም። ሙሉውን ጥልፍ ለፖስተሩና ካሜራው በጣም ለሚጠጋበት፣ ልጅቷም ለማትንቀሳቀስበት ሾት አስቀምጡት። ነጠላውንም አስቡበት። ትከሻ ላይ ጣል የተደረገ ነጠላ ያምራል፤ ግን ልጅቷ ቆማ እንኳ ጫፉ ገና እየተወዛወዘ ነው። ያ ውዝዋዜ ራሱን የቻለ ስዕል ይፈልጋል። ስለዚህ እስክስታ የሚወርዱት እንደሚያደርጉት ወገቧ ላይ ሸብ አድርጉላት። ነጩን ቀሚስ ከደመና ፊት አታቁሙት፤ ልጅቷ ትጠፋለች። ከአረንጓዴ ወይም ከጭቃ ግድግዳ ፊት ስትሆን ቦግ ትላለች።

ልብሱን ከመረጣችሁ በኋላ መሞከሪያው ቀላል ነው። ገጸ ባሕሪውን ሙሉ በሙሉ ጥቁር ቀቡት፣ ከዚያ በስልካችሁ ላይ የአውራ ጣት ጥፍር እስኪያክል አሳንሱት። ማን እንደሆነ ይታወቃል? ካልታወቀ ችግሩ ቀለም አይደለም፤ ቅርጹ ነው። ባርኔጣ፣ ሰፊ ቀሚስ፣ ትልቅ ቦርሳ፣ አንድ ነገር ጨምሩለት። ቅርጹ እሺ ካላችሁ አንድ ምልክት ብቻ ስጡት። ቻርሊ ብራውን በጋዜጣ የጀመረው በ1950 ነው፤ ያኔ በየቀኑ የሚወጣው ጥቁርና ነጭ ነበር። በዚያው ዓመት መጨረሻ ሸሚዙ ላይ አንዲት ዚግዛግ መስመር መጣች። ያቺን መስመር ባዶ ካናቴራ ላይ ብታዩዋት የማን እንደሆነች ታውቃላችሁ።

«ሶፍትዌሩ ይሠራዋል» የምትሉኝም አላችሁ። ይሠራል፣ ግን በነጻ አይደለም። በሦስት አውታር (3D) አኒሜሽን እያንዳንዱ ልብስ በኮምፒውተር ተሰፍቶ፣ ገጸ ባሕሪውን ከሚያንቀሳቅሰው የኮምፒውተር አጥንት ጋር ተያይዞ፣ ሰውነት ውስጥ እንዳይሰምጥ ይጠበቃል። ፒክሳር የሚባለው የአሜሪካ ስቱዲዮ በ2001 ባወጣው የጭራቆቹ ፊልም ውስጥ የሕፃኗ የቡ ሰፊ ካናቴራ እጥፋቱ በኮምፒውተር ስሌት ነው የተሠራው። ያን ሁሉ ሠራተኛ ይዘው አንድ ካናቴራ ትልቅ ፈተና ሆኖባቸው ነበር። እናንተ ሦስት ሆናችሁ፣ መብራት እየሄደ እየመጣ፣ ቁም ሣጥን ልትሞሉ ነው?

ይህን ሁሉ ስል ልብስ አይቀየርም ማለቴ አይደለም። ይልቅ አንዱ ልብስ ረጅም ጊዜ ሲቆይ ለውጡ መናገር ይጀምራል። ኤልሳን ታስታውሳላችሁ፣ በ2013ቱ የዲዝኒ ፊልም በ«ፍሮዝን» ያለችውን የበረዶ ንግሥት። ተራራው ላይ እየዘፈነች ቀሚሷ ሲቀየር ልጅቷ ሌላ ሰው ሆነች፤ ሕፃናቱም ለልደታቸው የሚለምኑት ያንን ሰማያዊውን ነው። የቤልጂጉ የካርቱን መጽሐፍ ጀግና ቲንቲን ደግሞ ከ1929 ጀምሮ ከጉልበቱ ሥር የሚታሰር ሱሪ ለብሶ ዓለምን ዞሮ፣ በ1976ቱ መጽሐፍ ረጅም ሱሪ አጥልቆ ቢመጣ አድናቂዎቹ ዛሬም ያወሩበታል። በእኛ ደግሞ ከዚህ የተሻለ አለ። ሁልጊዜ ነጠላዋን ወገቧ ላይ የምታስር ሴት አንድ ቀን ጥለቱን ወደ ላይ ገልብጣ ብትለብስ፣ ቃል ሳይወጣት ቤቱ ውስጥ ሐዘን እንደገባ ማንኛውም ሀበሻ ይረዳል። በየክፍሉ ስታቀያይሩላት ብትቆዩ ግን ማን ያስተውለዋል?

የሥራ ነገር ልጨምርና ላብቃ። ገጸ ባሕሪውን ከፊት፣ ከጎንና ከኋላ በአንድ ገጽ ላይ ሳሉ፣ የእያንዳንዱን ቀለም ኮድ ከጎኑ ጻፉ፣ ለቡድኑ በሙሉ አድሉ። «ቀይ» ብላችሁ ብቻ አትለፉ፤ ሦስት ሰው ሦስት ዓይነት ቀይ ያመጣል። ሁለተኛ ልብስ የግድ ካማራችሁ ለእንቁጣጣሽ ክፍል ይሁን፤ ያን ቀን አዲስ ልብስ የማይጠብቅ ልጅ የለም። ግን ከመጀመሪያው በጀቱ ውስጥ አስገቡት፣ አሠሪያችሁንም ነሐሴ ሳይገባ ንገሩት። ጳጉሜን ላይ ያሰበው ሰው አበባዮሽ የምትጨፍረውን ልጅ ሌሊቱን ሲቀባ ያድራል።