የአንባቢያን ጥያቄና መልስ፦ ሞዴል ሮኬት በስፕሬይ ሲቀባ

ከጎጃም የተላኩ አራት ደብዳቤዎች በአንድ ጉዳይ ላይ ስለገጠሙ በዚህ እትም አብረን እንመልሳቸዋለን። ጉዳዩ ከወረቀት ቱቦና ከቀላል እንጨት የሚሠራውን ሞዴል ሮኬት በስፕሬይ ቀለም መቀባት ነው።

ጥያቄ፦ በደብረ ማርቆስ የአንድ ትምህርት ቤት የሳይንስ ክበብ ኃላፊ ነኝ። ተማሪዎቼ የሠሯትን ሮኬት በነጭ ስፕሬይ ቀባናት፤ ነጩ ስለደረቀ በማግሥቱ ከሌላ ሱቅ የገዛነውን ቀይ ስንደርብበት ወዲያው ተጨማድዶ እንደ አሮጌ ቆዳ ሆነ። ሻጩ ቀለሙ አንደኛ ደረጃ እንደሆነ ነግሮን ነበር። ተታለልን ወይስ አቀባባችን ነው?

መልስ፦ ሻጩ እውነቱን ነግሮዎት ሊሆን ይችላል፤ ሁለቱም ቀለሞች ለየብቻቸው ጥሩ ሆነው እርስ በርሳቸው ግን አልተስማሙም። በስፕሬይ ቆርቆሮ ከሚሸጡት ቀለሞች በብዛት የሚያጋጥሙት ኢናሜልና ላከር ናቸው። ኢናሜል የዘይት ቀለም ከምንለው ወገን ሲሆን፣ ማሟሚያው (ቀለሙን ያቀጠነው ፈሳሽ) ከተነነ በኋላም ከአየር ውስጥ ካለው ኦክስጅን ጋር እየተዋሐደ ቀስ በቀስ ይጠነክራል፤ ስለዚህ በጣት ሲነኩት የደረቀ የሚመስለው ሽፋን ከሥሩ ለቀናት ለስላሳ ሆኖ ይቆያል። ላከር ግን የሚደርቀው ማሟሚያው በመትነኑ ብቻ ስለሆነ ፈጣን ነው፤ ማሟሚያው ግን ብርቱ በመሆኑ፣ ገና ያልጠነከረ ኢናሜል ላይ ካረፈ የታችኛውን ሽፋን አሳብጦ ያነሣዋል። የእርስዎ ሮኬት የደረሰባት ይህ ሳይሆን አይቀርም።

ሌላም ሊታሰብ የሚገባው ነገር አለ። ሁለቱም ቀለሞች ኢናሜል ቢሆኑ እንኳ "በማግሥቱ" የሚለው ቃልዎ ያሳስበኛል። በብዙ የኢናሜል ቆርቆሮዎች ላይ ቀጣዩ ሽፋን በ1 ሰዓት ውስጥ ወይም ከ48 ሰዓት በኋላ እንዲደረብ ተጽፎ ይገኛል። በ1 ሰዓት ውስጥ ሲደረብ ሁለቱ ሽፋኖች እንደ አንድ ሆነው ይደርቃሉ፤ ከ48 ሰዓት በኋላ ሲደረብ ደግሞ የታችኛው ማሟሚያውን ለመቋቋም በቂ ጥንካሬ አግኝቷል። አደገኛው በመካከል ያለው ጊዜ ሲሆን፣ ብዙ ሰው ግን ጥንቃቄ መስሎት አንድ ሌሊት ጠብቆ የሚደርበው በዚያው ጊዜ ነው። በእኔ ግምት ከተበላሹት የሮኬት ቀለሞች አብዛኞቹን የሚያበላሸው የቀለሙ ዋጋ ወይም ስም ሳይሆን ይህ የሰዓት ጉዳይ ነው።

ከእንግዲህ ፕራይመሩን (ከቀለሙ በፊት የሚረጨውን የሥር ሽፋን)፣ ቀለሙንና ማንጸባረቂያውን ከአንድ አምራችና ከአንድ ዓይነት ይግዙ። በቆርቆሮው ላይ ያለው ጽሑፍ የማይነበብ ከሆነ በካርቶን ቁራጭ ላይ ረጭተው ለሳምንት ያህል ካቆዩት በኋላ በቲነር በራሰ ጨርቅ ያሹት፤ ወዲያው ሟሙቶ ጨርቁን የሚያቀልም ከሆነ ላከር መሆኑን ያመለክታል። የተጨማደደችውን ሮኬት በተመለከተ ቀለሙ እስኪጠነክር ለሳምንት ያህል ይተዉአት፤ ከዚያም በ320 ቁጥር፣ ቀጥሎም በ400 ቁጥር ብርጭቆ ወረቀት ተደልድላ በአዲስ ፕራይመር ትጀመር። በችኮላ ላዩን ቢቀቧት ሽብሽቡ እንደገና ይወጣል።

ጥያቄ፦ የምኖረው በባሕር ዳር ሲሆን የ10ኛ ክፍል ተማሪ ነኝ። በሐምሌ ወር የቀባኋት ጥቁር ሮኬት እንደ ደረቀች ላይዋ ነጣ ብሎ ደበዘዘ። በበጋ ስቀባ ደግሞ ፊቷ አሸዋ የተነሰነሰበት ያህል ሻከረ። ጥፋቱ ምንድን ነው?

መልስ፦ ነጣ ያለብሽ በእርጥበት ምክንያት ነው። ማሟሚያው በፍጥነት ሲተን የሮኬቷን ገጽ ያቀዘቅዘዋል፤ አየሩ እርጥብ ከሆነ ውሃው በቀዘቀዘው ቀለም ላይ ይጤዝና ነጭ ጭጋግ ትቶ ይሄዳል። ላከር በዚህ በኩል ከኢናሜል ይብሳል። በክረምት፣ በተለይም በጣና ዳርቻ ባለች ከተማ፣ ዝናቡ ቆሞ እንኳ አየሩ እርጥበት እንደ ያዘ ስለሚውል፣ መቀባት ግድ ከሆነብሽ ፀሐይ የወጣችበትንና መሬቱ የደረቀበትን ቀን ጠብቀሽ ከረፋዱ 4 ሰዓት በኋላ ቅቢ፤ ወደ ማታም አታዘግዪው። የነጣውን ገጽ በደረቅ ቀን በዚያው ቀለም እጅግ ስስ አድርገሽ ብትረጪበት ብዙ ጊዜ ይመለሳል።

የበጋው መሻከር ግን ሁለት ምክንያቶች ሊኖሩት ይችላል። አንደኛው አቧራ ነው፤ ጥርጊያ መንገድ አጠገብ ያለ ግቢ ለዚህ ሥራ አይሆንም፣ ከመቀባትሽ በፊት መሬቱን ውሃ ማርከፍከፍም ይረዳል። ሁለተኛው ርቀት ነው። ቆርቆሮው ከሮኬቷ ከ20 እስከ 30 ሴንቲሜትር መራቅ አለበት፤ ከዚያ ከራቀ፣ በተለይም በሞቃትና ነፋስ ባለበት ቀን፣ የቀለሙ ጠብታ አየር ላይ ደርቆ እንደ ዱቄት ያርፋል፤ ከቀረበ ደግሞ ተጠራቅሞ ይወርዳል። በቀጥታ ፀሐይ ሥር አትቅቢ፤ የላዩ ቶሎ ስለሚደርቅ ከሥሩ የታፈነው ማሟሚያ ሲወጣ አረፋ ይሠራል። ጥላ ያለበትና አየር የሚዘዋወርበት በረንዳ ይሻላል።

እግረ መንገዴን አንድ ነገር ላሳስብሽ። ከእነዚህ ቆርቆሮዎች ብዙዎቹ ቀለሙን የሚገፉት ፕሮፔንና ቡቴን በሚባሉ ተቀጣጣይ ጋዞች ሲሆን፣ ጋዞቹ ከአየር ስለሚከብዱ መሬት ለመሬት ይሄዳሉ። በረንዳው ላይ ቡና የሚፈላበት ከሰል ካለ ወይም ምድጃ ቅርብ ከሆነ፣ ሮኬቷ ሌላ ቀን ትቀባ። የጨርቅ ጭምብልም የማሟሚያውን ትነት አያግድም።

ጥያቄ፦ ከእንጅባራ የምጽፍ አባት ነኝ። ልጄ ሮኬቱን ያማረ እንዲሆንለት ብዙ ጊዜ ደራርቦ ቀባው። ሲወነጨፍ ግን ተንገዳግዶ ወደቀ፤ ጃንጥላውም አልተከፈተም። ቀለም ይህን ያህል ጉዳት ያመጣል?

መልስ፦ አዎን፣ ሁለቱንም ሊያመጣ ይችላል። ሮኬት ቀጥ ብሎ የሚበረው የክብደቱ ማዕከል (ሚዛኑን ጠብቆ የሚቆምበት ነጥብ) ከአየር ግፊቱ ማዕከል (የአየሩ ግፊት ተጠቃሎ ከሚያርፍበት ነጥብ) ወደ አፍንጫው ቀድሞ ሲገኝ ነው፤ የተለመደው መለኪያም በመካከላቸው ቢያንስ የቱቦውን ዲያሜትር (ከዳር እስከ ዳር ያለውን ስፋት) ያህል ርቀት እንዲኖር ነው። ክንፎቹ ከኋላ ስለሆኑና ከሁለት በኩል ስለሚቀቡ ብዙ ቀለም እዚያ ያርፋል፤ 30 ግራም አካባቢ በምትመዝን ሮኬት ላይ ደግሞ ጥቂት ግራም እንኳ የክብደቱን ማዕከል ወደ ኋላ ይጎትታል። ስለዚህ ሚዛኑ መታየት ያለበት ከቀለም በፊት ሳይሆን ቀለሙ ደርቆ፣ ሞተሩና ጃንጥላው ከገቡ በኋላ ነው። ማዕከሉ ወደ ኋላ ሸሽቶ ከሆነ አፍንጫው ውስጥ ጥቂት ጭቃ መሰል ክብደት መጨመር ይበጃል።

ጃንጥላው ያልተከፈተው ምናልባት አፍንጫው በቀለም ተጣብቆ ስለቀረ ነው፤ ጃንጥላው ከቱቦው የሚወጣው አፍንጫው ሲላቀቅ ነውና። ወደ ቱቦው የሚገባው የአፍንጫው አንገትና የቱቦው የውስጥ ገጽ ፈጽሞ መቀባት የለባቸውም። ልጅዎ አንገቱን በወረቀት ፕላስተር ይሸፍነው፤ የቱቦውን የኋላ አፍ ደግሞ በተጠቀለለ ጋዜጣ ይወትፈው። ጋዜጣው እንደ እጀታ ስለሚያገለግል እያሽከረከረ ለመቀባትም ይመቸዋል።

የሚያምር ገጽ የሚገኘው ከቀለም ብዛት ሳይሆን ከሥር ዝግጅት ነው። ክንፎቹ ላይ በውሃ የቀጠነ ነጭ የእንጨት ኮላ በስሱ ተቀብቶ ሲደርቅ በ220፣ ከዚያም በ400 ቁጥር ብርጭቆ ወረቀት ይሞረድ፤ በቱቦው ዙሪያ የሚሄደው ጠመዝማዛ መስመርም በቀጭን የእንጨት ስቱኮ ይሞላ። አንድ ስስ ፕራይመር ተረጭቶ አብዛኛው ተሞርዶ ይወገድ፤ የሚፈለገው በቀዳዳዎቹ ውስጥ የሚቀረው ነው። ከዚያ በኋላ ሁለት ወይም ሦስት ስስ ቀለም ይበቃል፤ የመጀመሪያው ሥሩ እየታየ እንኳ ቢቀር አይጨነቅ። ቆርቆሮውን በውስጡ ያለችው ኳስ መንቀጫቀጭ ከጀመረች በኋላ ለ1 ደቂቃ ያህል ይበጥብጠው፤ መርጨቱንም ከሮኬቱ ውጭ ጀምሮ አልፎ ይጨርስ። እንጅባራ ብርድ ስለሆነ ቆርቆሮውን ለብ ያለ ውሃ ውስጥ ለጥቂት ደቂቃ ማቆየት ቀለሙን ያቀጥነዋል፤ እሳት ላይ ማሞቅ ግን ማፈንዳት ነው።

ጥያቄ፦ ፍኖተ ሰላም አካባቢ በእርሻ መሬት ላይ ስለምናስወነጭፍ ሮኬታችን ይጠፋብናል። የትኛው ቀለም ይሻላል?

መልስ፦ ወቅቱን እዩ። በመስከረም አደይ አበባ ባለበት ሜዳ ላይ ቢጫ ሮኬት መፈለግ ከንቱ ድካም ነው፤ አረንጓዴም እንዲሁ፤ ሰብሉ ሲደርስ ደግሞ ወርቅማና ቡናማ ይጠፋሉ። በሁለቱም ወቅት የሚታየው የሚያበራ ብርቱካናማና ሮዝ ነው። እነዚህ ቀለሞች ብርሃን አሳላፊ ስለሆኑ ከሥራቸው ነጭ ካልተቀባ ይጠቁራሉ፤ ፀሐይም ቶሎ ያደበዝዛቸዋል። ሰማይ ላይ ለመከታተል ግን ጥቁር ይበልጣል፤ ስለዚህ አንዱን ክንፍ ጥቁር አድርጉት። ሰዎችን ወደ ጨረቃ በወሰደው ሮኬት፣ በሳተርን 5 ላይ የነበሩት ጥቁርና ነጭ አራት ማዕዘኖችም ሮኬቱ በራሱ ዙሪያ ሲሽከረከር በካሜራ እንዲለይ የተቀቡ ነበሩ። ይህን ለመሥራት ነጩ በደንብ ከጠነከረ በኋላ ፕላስተር ለጥፋችሁ በጠርዙ ላይ እንደገና ስስ ነጭ ርጩ፤ ጥቁሩን ከዚያ በኋላ አስከትሉ፤ ሊሰርግ የሚችለው ነጩ ስለሚሆን ጥቁሩ ጠርዙን አልፎ አይገባም።

ቆርቆሮውን ከአዲስ አበባ የምታስመጡ ከሆነ በአውሮፕላን አይፈቀድም፤ በመኪና ሲመጣም የዓባይን በረሃ በመስታወት ሥር ፀሐይ እየመታው እንዳያቋርጥ ንገሩ፣ ከ50 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በላይ መሞቅ የለበትምና። ግማሹ ለሌላ ጊዜ የሚቀመጥ ከሆነ ቆርቆሮውን ገልብጣችሁ ጋዝ ብቻ እስኪወጣ ድረስ ርጩት፤ አፉ አይደፈንም።