አኒሜሽንን ሙያችን እናድርግ ለምትሉ ወጣቶች

ውድ ወጣቶች፣ በባሕር ዳር የዲጂታል ሥዕል እየሠራሁ፣ በኮሌጅም አኒሜሽን እያስተማርኩ በኖርኩባቸው ዓመታት ከተማሪዎቼ አዘውትሬ የምሰማው ጥያቄ «የትኛውን ሶፍትዌር ልማር?» የሚል ነው። ብሌንደርም ክሪታም በነፃ ስለሚገኙ ላፕቶፓችሁ የሚችለውን ያዙ፤ አዝራሮቹን በጥቂት ወራት ትለምዷቸዋላችሁ። ዓመታት የሚጠይቀው ክብደትን አይቶ መለየት ነው።

ጣና ዳር ቆማችሁ እንጨት ጭኖ የሚመጣ የደንገል ታንኳ ተመልከቱ። ቀዛፊው መቅዘፊያውን ውኃ ውስጥ ከመክተቱ በፊት ወገቡ ይታጠፋል፣ ትከሻው ይከተላል፣ ክንዱ የሚደርሰው መጨረሻ ላይ ነው፤ ታንኳዋም ጥቂት ዘግይታ ትነሣና ቅዘፋው ካበቃ በኋላ እየተንሸራተተች ቀስ በቀስ ፍጥነቷን ታጣለች። ጀማሪ አኒሜተር ግን ታንኳዋን ከዳር እስከ ዳር በእኩል ፍጥነት ይጎትታታል፤ ሥዕሉ የቱንም ያህል ቢያምር ሸክሙ አይታመንም። በፊልም አንድ ሰከንድ 24 ፍሬም (ተከታትሎ የሚታይ ነጠላ ምስል) አለው፣ አንዱን ሥዕል ለሁለት ፍሬም ካቆያችሁት 12 ሥዕል ይበቃል፤ ከባዱን ከቀላሉ የሚለየውም በእነዚህ ሥዕሎች መካከል የምትተዉት ርቀት ነው፤ የተጫነችው ታንኳ ስትነሣ ሥዕሎቹ ተቀራርበው ብዙ ይሆናሉ፣ ባዶዋ ግን በጥቂቶቹ ትፈተለካለች።

ስለ ገጸ ባሕርይ አቀራረጽ ደግሞ ወደ ዘጌ ተሻግራችሁ የኡራ ኪዳነ ምሕረትን የግድግዳ ሥዕሎች እዩ። በጥንቱ የአሣሣል ልማዳችን ጻድቃን ሁለት ዓይናቸው እየታየ፣ ክፉዎች ግን አብዛኛውን ጊዜ በጎን፣ በአንድ ዓይን ይሣላሉ፤ ምእመኑ ፊደል ባይቆጥርም ማን ምን እንደሆነ ወዲያው ያውቃል። ከዚህ የተሻለ ያስተማረ ቪዲዮ እኔ እስካሁን አላየሁም።

ማስተማርን ገበያ ያጣ ሠዓሊ መጠጊያ የሚያደርጉ አሉ፤ አልስማማም። የተማሪው ገጸ ባሕርይ ሲራመድ ለምን መሬት እንደማይረግጥ ለማስረዳት፣ እጃችሁ በልማድ የሚሠራውን በቃል መግለጥ ግድ ይሆንባችኋል፤ የራሳችሁም ሥራ በዚያ ይጠራል። ዋጋው ጊዜ ነው፤ ፈተና ማረም ሌሊቱን ስለሚበላ የግል ሥራችሁን ሰዓት አስቀድማችሁ ለዩለት።

በመብራት መጥፋት ለምንቸገር ሰዎች አንድ ነገር ልጨምር፦ ሬንደር ስታደርጉ፣ ማለትም ኮምፒውተሩ የሠራችሁትን ወደ መጨረሻ ምስል ሲለውጥ፣ በቀጥታ ወደ ቪዲዮ ሳይሆን ፍሬም በፍሬም ወደ ነጠላ ሥዕሎች አውጡ። መብራት ቢሄድ ያለቁት ፍሬሞች ይተርፋሉ፤ ሲመለስ ካቆማችሁበት ትቀጥላላችሁ፣ ቪዲዮውንም በኋላ መገጣጠም ቀላል ነው።

ከደንበኛ ጋር ስትዋዋሉ ደግሞ ቅድመ ክፍያውንና ያለ ተጨማሪ ክፍያ የምታደርጉትን የእርማት ብዛት በጽሑፍ አስፍሩ። «ትንሽ ነገር ብቻ ቀይርልኝ» የሚለው ደንበኛ ክፋት ኖሮት አይደለም፤ አንዲት የእጅ እንቅስቃሴ ለመለወጥ ስንት ሥዕል እንደገና እንደሚሣል የነገረው ሰው ስለሌለ ነው፤ እናንተ ሥራው ሳይጀመር ንገሩት።