«አገር ናት ወይስ አይደለችም?» ብላችሁ ለምትጯጯሁ ልጆች

ልጆቼ፣ ጡረታ ወጥቼ ባሕር ዳር ከገባሁ ወዲህ ጣና ዳር ቡና ይዤ በተቀመጥኩ ቁጥር ሕግና ዓለም አቀፍ ግንኙነት የምትማሩት ትከቡኛላችሁ። ክርክራችሁም ሁልጊዜ ከሶማሊያ ተለይቻለሁ የምትለው ሶማሊላንድ ናት። አገር ናት፣ አይደለችም፣ ጎራ ለይታችሁ ትጯጯሃላችሁ። ዕድሜዬን ከስምምነት ሰነድ ጋር የጨረስኩ ሰው ነኝና ልምከራችሁ፤ ጥያቄውን ቀይሩት። የትኛው ድርጅት ነው? ድምፅ የሚሰጠው ማን ነው? ስንት ድምፅ ይበቃል? (ዓመቶቹን በፈረንጅ አቆጣጠር ነው የምጽፈው።)

በ1933ቱ የሞንቴቪዲዮ ስምምነት ያሉትን አራት የአገርነት መስፈርቶች እንደ ውዳሴ ማርያም በቃላችሁ ትደግሟቸዋላችሁ። ሕዝብ፣ ግዛት፣ መንግሥት፣ ከሌሎች ጋር ግንኙነት የመፍጠር አቅም። ጥሩ ነው። ግን እነሱን ማሟላት ብቻውን የትም አባል አያደርግም።

ተመድ ለመግባት ከጸጥታው ምክር ቤት 15 አባላት የ9ኙ ድጋፍ ያስፈልጋል፤ ከአምስቱ ቋሚ አባላት አንዱ እንቢ ካለ አለቀ። ቀጥሎ የጠቅላላ ጉባኤው ሁለት ሦስተኛ አለ። ኮሶቮ በ2008 ከሰርቢያ ነፃነቷን ብታውጅም እውቅና የነፈጓት ሩሲያና ቻይና በቋሚነት ባሉበት ምክር ቤት ማለፍ አልቻለችም። ዓለም ባንክና አይኤምኤፍ (ዓለም አቀፉ የገንዘብ ድርጅት) ግን አባል ሲቀበሉ እንዲህ ያለ የአንድ አገር እንቢታ፣ ቬቶ የሚባለው፣ የለባቸውም፤ በ2009 ገባች። በ2015 ዩኔስኮን ሞክራ ሦስት ድምፅ ጎድሏት ቀረች። በ2016 ፊፋ ተቀበላት። እንግዲህ ይቺን «አገር ናት፣ አይደለችም» በሉና አንድ መልስ ስጡኝ!

ፍልስጤም በ2011 ዩኔስኮ ሙሉ አባል አድርጎ ሲቀበላት አሜሪካ ለድርጅቱ የምትከፍለውን ገንዘብ አቆመች። በማግስቱ ዓመት የተመድ ጉባኤ በ138 ድምፅ «አባል ያልሆነ ታዛቢ መንግሥት» አላት። ስሙ ትንሽ ይመስላል፤ ግን ስምምነቶችን መፈረም አስቻላት፣ በ2015 ዓለም አቀፉን የወንጀል ፍርድ ቤት ተቀላቀለች። ታይዋን ደግሞ የዓለም ንግድ ድርጅትን የተቀላቀለችው «የተለየ የጉምሩክ ክልል»፣ ማለትም የራሱን ጉምሩክ የሚያስተዳድር ግዛት፣ ተብላ ነው። እዚያ ለመግባት አገር መሆን ግዴታ አይደለም።

ወደ አህጉራችን ስንመጣ የአፍሪካ ኅብረት ደንብ አንቀጽ 29 የሚጠይቀው የአባላቱን ተራ አብላጫ ድምፅ ብቻ ነው። ቀላል ይመስላል፤ አይደለም። ሞሮኮ የእኔ ነው በምትለው በምዕራብ ሰሐራ ላይ የታወጀችው የሰሐራዊ ዓረብ ዴሞክራሲያዊ ሪፐብሊክ በ1982 ወደ ድሮው የአፍሪካ አንድነት ድርጅት ስትገባ ድርጅቱ ሊሰነጠቅ ምንም አልቀረውም። በ1984 አዲስ አበባ በተደረገው ጉባኤ ወንበሯን ስትይዝ ሞሮኮ ወጥታ ሄደች። የተመለሰችው በ2017 ነው፤ ሰሐራዊቷ አሁንም እዚያው አለች። ተመድ ውስጥ ግን የለችም። መሪዎች አዲስ አባል ሲባል የሚሽኮረመሙት ይህን ስለሚያስታውሱ ይመስለኛል።

የሶማሊላንድም ጉዳይ እዚህ ጋ ነው የሚያዘው። የኅብረቱ ልዑካን በ2005 ሄደው አይተዋል። ሞቃዲሾ ግን አልፈቀደችም፤ ተገንጣዩ የሚለያት አገር ፈቃድ ደግሞ ከማንኛውም መስፈርት የሚከብድ ነገር ነው። ኤርትራ በ1993 ሪፈረንደም ባደረገች በወሩ ተመድ የገባችው አዲስ አበባ ስለተቀበለች ነው። ደቡብ ሱዳን በሐምሌ 2011 ነፃ በወጣች በአምስተኛው ቀን 193ኛዋ አባል ሆነች፤ ካርቱም ቀድማ እውቅና ሰጥታ ነበር። በነገራችን ላይ ከሐርጌሳ ወይም ከሞቃዲሾ የመጣ የክፍል ጓደኛ ካላችሁ ይህን ስታነሡ ድምፃችሁን ዝቅ አድርጉ። የቤቱ ጉዳይ ነው።

ደቡብ ሱዳንን በደንብ አጥኗት፤ ከፊታችን ካለው ውኃ ጋር ትገናኛለችና። የናይል ተፋሰስ የትብብር ማዕቀፍ፣ የወንዙን ውኃ አጠቃቀም የሚመለከተው ስምምነት፣ በ2010 ኢንቴቤ ላይ ለፊርማ ሲቀርብ እሷ ገና አልነበረችም። እንዲጸና ስድስት አገሮች ሊያጸድቁት ይገባ ነበር፤ ቁጥሩ ለዓመታት ሳይሞላ ቆየ። ስድስተኛዋ እሷ ሆነች፣ ኦክቶበር 13 ቀን 2024 በሥራ ላይ ዋለ። ግብፅና ሱዳን እስካሁን አልፈረሙም። ያልፈረመን አገር ስምምነቱ ምን ያህል ይነካዋል? በሚቀጥለው ስትመጡ ጎራ ለይታችሁ የምትጯጯሁበት ይህ ይሁን።